ለማጣሪያ አፍ የተሸመነ ሸማ

ቤተል በየቅዳሜው አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ድረስ ትመጣ የነበረው ለአባቷ ነው ወይስ ለዓሣዎቹ? ሸማኔው ዓለሙ ይህን ጥያቄ እንደ መወርወሪያው ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ሲያመላልሰው ከርሟል። መወርወሪያ በተመላለሰ ቁጥር ጨርቁ ይረዝማል፤ ይኼ ጥያቄ ግን ቢመላለስም ስንዝር አይጨምርም። አንዳንድ ቀን፣ "ለእኔ ነው እንጂ" ይላል፤ በዝናብ የመጣችበትን ቅዳሜ፣ የራሰ ጫማዋን ደጅ አውልቃ በባዶ እግሯ የገባችበትን እያስታወሰ። ሌላ ቀን ደግሞ ልቡ ይወርድበታል። ገብታ መጀመሪያ የምታየው ዓሣዎቹን ነበር፤ ስትሄድም ከበሩ ዞር ብላ የምታየው እነሱኑ ነበር። ራሷን እንዳይጠይቃት መልሱን ፈራ። ያልተጠየቀ ጥያቄ ቢያንስ በር አይዘጋም።

ዓለሙ የኦቾሎ ሰው ነው። ኦቾሎ ተራራ ጫፍ ላይ የተቀመጠ መንደር ነው፤ ከደጅ ቆመው ቁልቁል ሲያዩ አባያ ሐይቅ እግር ሥር ተዘርግቶ ይታያል፤ የሚጠጣ ውሃ ግን ወርደው ቀድተው፣ ሽቅብ ተሸክመው ነው። ዓለሙ ያን ሁሉ ውሃ በየማለዳው እያየ፣ አንድም ቀን ሳይነካው አደገ። የሚወደውን ነገር ከሩቅ ማየት የለመደው ምናልባት ያኔ ይሆናል።

ሽመናን ከአባቱ ተማረ። ጢሙ ሲያቀመቅም እንደ እኩዮቹ አዲስ አበባ ወጣ። ሽሮ ሜዳ ከአገሩ ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተጋርቶ፣ እግሩን የሸማኔ ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ሲሸምን ዓመታት አለፉ። እዚያው አገርነሽን አገባ፤ ቤተል ተወለደች። ልጅቷ ድክ ድክ ማለት በጀመረችበት ዓመት ለመስቀል አገሩ ገባ፤ የጋሞ ሰው ለመስቀል ያለበት አይቀርምና። በዓሉ ሳያልቅ ሳንባውን ታመመና ወራት ተኛ። ድኖ ሽሮ ሜዳ ሲመለስ ቤቱን ሌላ ሰው ተከራይቶታል። "አገርነሽ ልጇን ይዛ አዳማ ወንድሟ ዘንድ ሄዳለች" አሉት። አዳማ ወረደ። ወንድሟ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ "ሞተሃል ተብሎ ተወርቶ ነበር፤ አሁን ሌላ ትዳር ይዛለች፤ ተዋት" አለው። ዓለሙ በር ላይ ቆሞ መከራከር የሚችል ሰው አልነበረም። ተዋት። አርባ ምንጭ ተመልሶ ሲቀላ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራየ፤ ወለሏን ቆፍሮ እግሩን ከተተ፤ እንደገና መሸመን ጀመረ። ሌላ አላገባም።

ብዙ ዘመን ካለፈ በኋላ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ አንዲት ቀጭን ልጅ በሩ ላይ ቆማ፣ "ጋሽ ዓለሙ የሚባሉት እርስዎ ነዎት?" አለችው።

"ነኝ፤ ግቢ" አላት፤ ጋቢ ልታዝ የመጣች መስሎት።

አልገባችም። "ቤተል እባላለሁ" አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ "ቤተል ዓለሙ" አለች።

የመወርወሪያው ክር እጁ ላይ ተበጠሰ። ልጅቷ የተመደበችው አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ነበር። እናቷ "አባትሽ የኦቾሎ ሰው ነው፤ ሸማኔ ነው" ከማለት በቀር የነገረቻት ስለሌለ፣ በገበያው ቀን ሸማ ከሚሸጡት አንዱን ጠይቃ፣ እሱም ሌላውን ጠይቆ፣ እንዲህ እየተቀባበሉ አድርሰዋታል።

መጀመሪያ አካባቢ የምትመጣው አልፎ አልፎ ነበር። በርጩማው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች፤ እንደ እንግዳ። "ትምህርት እንዴት ነው?" ይላታል። "ጥሩ ነው።" "እናትሽ ደህና ናት?" "ደህና ናት።" ከዚያ ወዲያ ወሬ የለም። እሱ ይሸምናል፤ እሷ ስልኳን ታያለች፤ የዩኒቨርሲቲው ግቢ በር ሳይዘጋባት ትነሳለች። የምትጠራውም "ጋሽ ዓለሙ" ብላ ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ እንደሚጠራው። ዓለሙ ለዚህ ቅር አላለውም፤ ቅር የሚለው ሰው መብት ያለው ሰው ነው ብሎ ያምናል።

ዓሣዎቹ የመጡት በሦስተኛው ዓመቷ ነው። አንድ መምህሯ ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወሩ የመስታወት ገንዳቸውን ከነዓሣዎቹ ለእሷ ትተውላት ሄዱ። ዶርም ውስጥ ማስቀመጥ ክልክል ነበርና፣ ገንዳውን በባጃጅ ጭና ውሃው ልብሷን አርሶት መጣች። "ጋሽ ዓለሙ፣ እዚህ ላስቀምጣቸው ብል..." ብላ ሳትጨርስ፣ "አስቀምጪ!" አላት። ዓሣዎቹ ጉፒ የሚባሉ ናቸው፤ የጣት አንጓ የማያህሉ፤ ወንዶቹ ጅራታቸው እንደ ጥለት ያሸበረቀ።

ከዚያ ወዲህ አንድም ቅዳሜ አልቀረችም። ወሬም ተገኘ። ስለ ምግባቸው፣ ስለ ውሃቸው፣ የትኛው ዓሣ የትኛውን እንደሚያሳድድ ያወራሉ። ከማዕዘኑ መስታወት ላይ የተጣበቀውን ማጣሪያ እየነካካች ታስረዳዋለች፤ ከታች ባሉት ቀጫጭን ክፍተቶች ውሃውን ይስባል፤ ቆሻሻውን ሆዱ ውስጥ ያስቀራል፤ የጸዳውን ከላይ ይረጨዋል፤ በሚረጨው ውሃ አየር ስለሚገባ ዓሣዎቹ ይተነፍሳሉ። ዓለሙ ነገሩ ባንዴ ቢገባውም እንዳልገባው ሆኖ ደግሞ ይጠይቃታል። እንድትቆይ ነው።

ባለፈው ክረምት ተመረቀች። ሥራ ፍለጋ አዳማ እናቷ ቤት ስትገባ፣ "ሥራ እስካገኝ ይቆዩልኝ፤ ከዚያ መጥቼ እወስዳቸዋለሁ" አለችው። ዓለሙ ከዓረፍተ ነገሩ ውስጥ "መጥቼ" የሚለውን ብቻ ይዞ ቀረ። በስልክ ስትደውል መጀመሪያ የምትጠይቀው ዓሣዎቹን ነው። እሱም ለአለቃ ሪፖርት እንደሚያቀርብ ሰው አንድ በአንድ ይነግራታል። በልቡ ግን አንድ ሒሳብ ሠርቶ ጨርሷል፤ ዓሣዎቹ ካለቁ ቤተል ወደዚህ ቤት የምትመጣበት ነገር አለቀ።

ኅዳር ላይ አንዷ ዓሣ ሆዷ አበጠ። ደነገጠና ደወለላት።

"ልትወልድ ነው!" ብላ ሳቀች ቤተል።

"ዓሣ እንቁላል አይደል እንዴ የሚጥል?"

"እነዚህ ጫጩት ነው የሚወልዱት። ጋሽ ዓለሙ፣ እባክዎ እንዳይሞቱብኝ፤ ተወልደው አይቼ አላውቅም። ስመጣ አያቸዋለሁ።"

"ስመጣ" ብላለች። ዓለሙ ያን ቀን ጋቢ እየሸመነ መዝሙር አንጎራጎረ።

ጫጩቶቹ የተወለዱት አንድ ማለዳ ነው። ለቁርስ የቀቀለውን የቦዬ ሥር ይዞ ወደ ገንዳው ጠጋ ሲል፣ ቤተል በተከለችው የውሃ ሣር መሐል ሽፋሽፍት የሚያህሉ ነገሮች ሲንቀሳቀሱ አየ። ሲያተኩር ዓይን አላቸው። ሰውነታቸው ሁሉ ዓይን ነው ማለት ይቻላል። ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ቆመ። አንዷ ከሣሩ ወጣች፤ በማዕዘኑ በኩል ዞር ዞር አለች፤ ከዚያ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። ወደ ፊት ትዋኛለች፤ ወደ ኋላ ትሄዳለች። ማጣሪያው አፍ ላይ ስትደርስ በክፍተቱ እልም ብላ ጠፋች። እሷን ተከትላ ሌላዋ።

ቦዬውን ጥሎ የማጣሪያውን ሶኬት ነቀለ።

ጎረቤቱ በለጥሽ ከጫኖ የሚመጣላትን ሙዝ በራቸው ላይ ዘርግታ የምትሸጥ፣ ምላሷ ከሙዟ ቀድሞ የበሰለ ሴት ናት። ቦዬው ሲወድቅ ሰምታ ገባች።

"ምን ሆንክ? እባብ ነው?"

"ልጆቹን እየዋጣቸው ነው።"

"የማንን ልጆች?" ብላ አካባቢውን ቃኘች። ጣቱን ተከትላ መስታወቱን ስታይ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። "ኧረ በጌታ! ሐይቅ ዳር ተቀምጦ ለዓሣ ጫጩት የሚንቀጠቀጥ ሰው ዛሬ አየሁ። ይኼንን ለዓሣ አጥማጁ ለማቴዎስ ብትነግረው ጀልባው ላይ ሆኖ እስኪወድቅ ይስቃል። እሱ በአንድ መረብ የሚያወጣው እኮ..."

"የቤተል ናቸው።"

በለጥሽ ሳቋን ገታች። ልጅቷን ታውቃታለች፤ እሷ በምትመጣበት ቀን ጎረቤቷ ጢሙን ተላጭቶ እንደሚውልም ታውቃለች። "እና ሞተሩን ካጠፋኸው አለቀ አይደል?" አለች ረጋ ብላ።

አላለቀም። የአርባ ምንጭ ፀሐይ ከፍ ሲል ክፍሉ ጋለ፤ ውሃውም ሞቀ። እኩለ ቀን ላይ ትልልቆቹ ዓሣዎች አፋቸውን ከውሃው ወለል ላይ እየከፈቱ አየር መማግ ጀመሩ። ማጣሪያውን ቢያበራው ጫጩቶቹን ይውጣል፤ ቢያጠፋው ሁሉም ይታፈናሉ። ቤተል ጋ ደወለ፤ አታነሳም። ሁለተኛ ደወለ፤ ስልኩ ተዘግቷል። ማጣሪያውን ከውሃ አወጣና በፌስታል ጠቅልሎ መናኸሪያው አጠገብ ኤሌክትሮኒክስ የሚጠግነው አቡበከር ዘንድ ሮጠ።

አቡበከር ዕቃውን አገላብጦ አየው። "ደህና ነው እኮ። ምን ሆነ?"

"በጣም ይስባል። ትንሽ እንዲቀንስልኝ ነው።"

"ዓለሙ ወዳጄ፣ ይኼ አንድ ፍጥነት ብቻ ነው ያለው። ወይ ይስባል፣ ወይ ይቆማል። ሞተር ልመና አይሰማም።" የተነገረውን ሁሉ ሰምቶ ሲያበቃ ደግሞ ብሎን ማጥበቂያውን ጆሮው ላይ ሰክቶ ተገረመ። "ታዲያ አፉን ጨርቅ አታለብሰውም? እኔ ዘንድ ለጨርቅ የሚመጣ ሸማኔ! ዳቦ ጋጋሪ ዳቦ ልመና ሲወጣ አየህ?"

ዓለሙ ወደ ቤቱ የተመለሰው እየከነፈ ነው። ማጣሪያውን ለጊዜው ለትልልቆቹ ትንፋሽ ሲል ከውሃው ወለል ጋር አስጠግቶ አበራው፤ በለጥሽንም፣ "ጫጩት ወደ ላይ ሲመጣ በማንኪያ መልሺልኝ" ብሎ ገንዳው ሥር አስቀመጣት። እሷም እያጉረመረመች፣ በአንድ ዓይኗ ሙዟን፣ በሌላው ጫጩቶቹን ትጠብቅ ጀመር።

ያለቀ ጋቢ ከሽመና ዕቃው ላይ ተቆርጦ ሲወጣ ሁልጊዜ ስንዝር የምታህል ትርፍ ድር ትቀራለች። ዓለሙ በዚያች ትርፍ ላይ እግሩን ጉድጓድ ከትቶ ተቀመጠ። ለሙሽራ ሸማ እንኳ እንደዚያ ተጨንቆ አያውቅም። ሽፋሽፍት የማታሳልፍ፣ ውሃ ግን የምታሳልፍ መሆን አለባት። ማጉን መታ፤ ወደ ብርሃን አየው፤ ፈታው፤ እንደገና መታ። ጠርዟ ላይ ቀይና ቢጫ ጥለት ሊያስገባ አሰበና "ለዓሣ ቀለም ምን ያደርጋል" ብሎ ተወው። ቁንጽሏን ጨርቅ ቆርጦ፣ እንደ ሕፃን ካልሲ አድርጎ ሰፋት፤ ዘርፏንም ቋጨው። ማጣሪያው አፍ ላይ አጥልቆ በክር አሰራትና ውሃ ውስጥ ከተተው።

አንዲት ጫጩት ወደ ኋላ ተንሸራተተች። ጨርቁን ነካች። ቆየችና ተስፈንጥራ ሄደች።

"እሰይ!" አለች በለጥሽ ሳታስበው፤ ማንኪያዋን እንደያዘች።

ዓለሙ ያን ቀን በሰላም ዋለ ማለት ይቻላል። ወደ ማምሻው ላይ ግን የገንዳው ውሃ ደብዘዝ ብሎ ታየው። ዓይኔ ደክሞ ነው አለ። ሲነጋ ውሃው ወተት መስሏል። ከዚያ ወተት ውስጥ ትልልቆቹ ዓሣዎች አንድ ላይ ተሰብስበው ወደ ላይ ያፋሽካሉ፤ ጨርቁ ላይ ልጋግ የመሰለ ነገር ተለጥፎ ማጣሪያው ጠብ ጠብ ብቻ ያደርጋል። ሣሩ ሥር ነጭ ሆነው የተኙ ጫጩቶች ነበሩ። አልቆጠራቸውም።

ስልኩን አነሳ፤ አስቀመጠ። ቢነግራት፣ አደራዋን ባንድ ሌሊት ያበላሸ ሰው ይሆናል፤ ባይነግራት ደግሞ ከናካቴው ያልቃሉ። "ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው" የሚሉት ይኼንን ነው፤ ትናንት በጨርቁ ኮርቶ ነበር። ደወለ።

"ጋሽ ዓለሙ! ትናንት የሥራ ፈተና ላይ ሆኜ ነው ያላነሳሁት። ምነው?"

ነገራት።

"ምን ጨመሩበት?" አለች።

"ምንም። ጨርቅ ብቻ።"

"ጨርቁ ምን ነክቶታል? ሳሙና? ዘይት?"

"ኧረ አዲስ ነው፤ ገና ከዕቃው ላይ የወረደ፤ ከድሩ በቀር ምንም..." አለና ወደ ተወጠረው ድር ዞረ።

ድሩ። ሸማኔ ድር ከመወጠሩ በፊት ክሩ እንዳይሳሳና እንዳይበጠስ በቀጭን የዱቄት ሙቅ ይነክረዋል። ሙቁ ክሩ ላይ ደርቆ ያጠነክረዋል። ገዢው ጋቢውን ቤቱ ወስዶ ሲያጥበው ያ ዱቄት ታጥቦ ይሄዳል፤ ሸማኔ ግን የሸመነው ሲታጠብ አያይም። ዓለሙ ዕድሜ ልኩን ክር ነው ብሎ የያዘው ክርና ዱቄት ነበር።

"ሙቅ ነው" አላት። "ድሩ ሙቅ አለበት።"

በሩ ላይ ቆማ የምትሰማው በለጥሽ አልቻለችም። "ሙቅ አጠጣሃቸው? ወለደች ብለህ? አራስ መሰለችህ እንዴ ዓሣዋ!"

በስልኩ ውስጥ አንድ ድምፅ ተሰማ። ዓለሙ ልጄ አለቀሰች አለ በልቡ። ቤተል እየሳቀች ነበር። ሳቋን እየዋጠች ምን እንደሚያደርግ ነገረችው፤ ጨርቁን እንዲያወጣ፣ ከውሃው ሲሶውን ቀድቶ እንዲያፈስ፣ በምትኩ ባልዲ ውስጥ ቆይቶ ለብ ያለ ውሃ በቀስታ እንዲጨምር፣ ማታም እንዲሁ እንዲደግም። ማጣሪያውን ደግሞ ትናንት እንዳደረገው ከላይ ብቻ እንዲያንሳፍፈው። ከዚያ ሳቋ ቆመ።

"ጋሽ ዓለሙ፣ እኔም ልደውል ነበር። ፈተናውን አልፌ ሥራ አግኝቻለሁ፤ እዚሁ አዳማ፣ ላብራቶሪ ውስጥ። ሰኞ እጀምራለሁ። ነገ ተነስቼ ሶዶ ጓደኛዬ ምኞት ዘንድ አድራለሁ፤ ከነገ ወዲያ ረፋድ ላይ መጥቼ እወስዳቸዋለሁ።"

"እግዚአብሔር ይመስገን" አላት። ከልቡ ነው ያለው። ስልኩን ሲያስቀምጥ ግን፣ ያቺ ሲጠብቃት የከረመች "መጥቼ" ጅራቷ "እወስዳቸዋለሁ" እንደሆነ አሁን ገባው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ በባልዲ አሳለፈው። ሌላ ሰው ቢሆን፣ ዓሣዎቹ የሚሄዱ ከሆነ ምን አደከመኝ ይል ይሆናል። ዓለሙ ውሃውን የሚቀዳው በኩባያ ነው፤ ጫጩት እንዳያመልጠው እያንዳንዷን ኩባያ ወደ ብርሃን እያየ። "ስመጣ አያቸዋለሁ" ብላዋለችና ማየት አለባት። በለጥሽ ሙዟን ትታ ባልዲ አቀበለችው፤ ያን ቀን አንድም ቀልድ አልተናገረች።

በቀጠሮው ቀን ረፋድ ላይ ቤተል ክዳን ያለው ባልዲ አንጠልጥላ መጣች። ከሲታ ሆናለች። "ሚኒባሱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ ሶዶ ይመለሳል፤ ሹፌሩ ቦታ ይዞልኛል" አለች ገና ከበሩ። ጉንጩን ሳመችው፤ ከዚያ ወደ ገንዳው። ዓለሙ ከኋላዋ ቆሞ ትከሻዋን ያያል። ውሃው ጠርቷል። ሣሩን በጣቷ ገለጥ አደረገች።

"የት አሉ?"

"ታገሺ። ወደ ሥሩ ነው።"

ጎንበስ አለች። ከዚያ ቤተል እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከሣሩ ሥር አንዲት ዓይን ያላት ሽፋሽፍት ወጣች፤ ቀጥሎ ሌላዋ፤ ቀጥሎ ሁለት ባንድ ላይ።

"አሉ!" አለች። "ጋሽ ዓለሙ፣ አሉ እኮ!"

"ጥቂት ናቸው" አላት። "ብዙዎቹን ገድያለሁ።"

ጠረጴዛው ላይ ደርቃ የተቀመጠችውን ጨርቅ አየች፤ አነሳቻት፤ ጣቷን ከተተችባት። "ይቺ ናት?" ዘርፉን አየችው። "ቋጭተውታል ደግሞ! ለማጣሪያ? ይቺን ያጠለቀ ማጣሪያ ሚስት ሊያገባ ነው የሚመስለው።" ሳቀች። ዓለሙም ሳያስበው ሳቀ። "ስፖንጅ እኮ ይበቃ ነበር። ቁራጭ ስፖንጅ በስቶ አፉ ላይ መሰካት ነው፤ ውሃ ያሳልፋል፤ ጫጩት አያሳልፍም። የዕቃ ማጠቢያ አይሆንም፤ ሳሙና አለበት። የፍራሽ ስፖንጅ የለም?"

ዓለሙ ወለል ወለሉን ማየት ጀመረ።

"ለመቆረጥ የሚሆን አሮጌ ፍራሽ?"

"አሮጌ የለም" አለ።

ቤተል ግን እያየች ነበር። ከአልጋው ጀርባ፣ መጋረጃው ሥር፣ ላስቲኩ ያልተቀደደ ፍራሽ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። አቧራ ለብሷል። ሄዳ ነካችው።

"የማን ነው?"

"የአንቺ።"

"የኔ?"

"ያኔ መጀመሪያ የመጣሽ ሰሞን ነው የገዛሁት። ምናልባት ቢመሽብሽ ብዬ። ሁልጊዜ የግቢው በር ሳይዘጋ ትሄጃለሽ፤ ከዚያ..." እጁን ወደ ገንዳው አወናጨፈ፤ ገንዳው የሚመልስለት ይመስል። "ቁረጪው። ስፖንጁ ጥሩ ነው፤ ብዙ ሰው መስክሯል።"

ቤተል አቧራውን በእጇ ጠረገች። ከዚያ ላስቲኩን ቀደደች። መቀሱን ከጥለት ክሮቹ መሐል አንስቶ ሰጣት፤ እሷም ፍራሹን ወለሉ ላይ አስተኝታ ከአንዱ ጥግ ጡብ የምታህል ቁራጭ ቆረጠች። በሙቅ ውሃ ደጋግማ አጠበችው፤ "ታጥቧል፤ ይዩልኝ" እያለች ስትጨምቀው ዓለሙ አቀርቅሮ ፈገግ አለ። መሐሉን በሳ ማጣሪያው አፍ ላይ ሰካችውና ወደ ታች፣ ወደ ቦታው አወረደችው። ውሃው ከላይ ይረጭ ጀመር። ትልልቆቹ ዓሣዎች ተበተኑ። አንዲት ጫጩት ወደ ስፖንጁ ተንሳፈፈች፤ ጠጋ ብላ ገጹን ለቀም ለቀም አደረገች፤ እንደ ሣር ትግጠዋለች።

ምሳ በሉ። በለጥሽ ሙዝ ይዛ ገባች፤ ልጅቷን አገላብጣ ሳመች። "አንቺ፣ እነዚህን ነገሮች ውሰጂልን እባክሽ። አባትሽ የሰው ወሬ መስማት ትቶ የዓሣ አፍ ሲያይ ነው የሚውለው።" ዓይኗ ወለሉ ላይ የተዘረጋው ፍራሽ ላይ ሲያርፍ ግን ሙዙን አስቀምጣ፣ "ደንበኛ ቆሞብኛል" ብላ ወጣች። ደንበኛ አልነበረም።

ባልዲው ክዳኑን ከፍቶ መሐል ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ቤተል አየችው። "ጫጩቶቹ መንገዱን አይችሉትም" አለች። "ከዚህ አዳማ ድረስ እየተንገጫገጩ..."

ዓለሙ የሚናገረው እውነቱን ይሁን ምኞቱን እርግጠኛ አልነበረም፤ ስለዚህ ምኞቱን ትቶ የሚያውቀውን ተናገረ። "ትልልቆቹ ይችላሉ። እነሱን ውሰጂ። ትንንሾቹን ሲጠነክሩ በሰው እልክልሻለሁ፤ መልፋት የለብሽም።"

"እናታቸውስ?"

"እናታቸው ጥላቸው ብትሄድ ይከፋቸው ይሆን?"

"ብትሄድ ይሻላቸዋል። ካገኘቻቸው ትበላቸዋለች እኮ" አለች ቤተል፤ እሱ ሲደነግጥ እየሳቀች።

ፍራሹ ጫፍ ላይ ገንዳው ፊት ለፊት ተቀመጠች፤ ጉልበቷን አቅፋ። ዓሣ የሚይዝ ሰው ትንሿን መረብ ያነሳል፤ እሷ አላነሳችም። ስልኳ ጠራ። ሹፌሩ ነበር፤ ድምፁ እስከ ዓለሙ ድረስ ይሰማል፤ "እህቴ፣ ሞልተናል፤ ያንቺ ቦታ ብቻ ነው የቀረው።" ዓለሙ ድር የሚያስተካክል መስሎ ጎንበስ አለ።

"ለሌላ ሰው ስጡት" አለች ቤተል። "ነገ ነው የምመለሰው።" ስልኩን ዘጋችና፣ ያልተጠየቀችውን ስትመልስ፣ "ስፖንጁ አንድ ቀን መታየት አለበት" አለች። "ከታፈነ ሁሉም ያልቃሉ።"

"እውነት ነው" አለ ዓለሙ። "መታየት አለበት።"

ጫማዋን አውልቃ በጎኗ ጋደም አለች፤ ፊቷን ወደ መስታወቱ አድርጋ። እሱ ቀና ብሎ ሲያያት፣ "ለእኔ ብለው ሥራ አያቁሙ" አለችው። "ይሸምኑ።"

እግሩን ወደ ጉድጓዱ ከተተ። መወርወሪያውን ወረወረ፤ ማጉን ግን እንደ ወትሮው በኃይል ለመምታት እጁ እምቢ አለው፤ እንዳይቀሰቅሳት ቀስ አድርጎ ነካ ነካ እያደረገ ሸመነ። ያን ከሰዓት የሸመነው ክንድ የማይሞላ ጨርቅ ከላይኛውም ከታችኛውም ሳስቶ ቀረ፤ ጋቢውን ያዘዘው ሰው ኋላ አይቶ ጠይቆት፣ "ማጉ ነው" ብሎ አልፎታል። ጫጩቶቹ ስፖንጁ ላይ ይግጣሉ። ልጅቷ አንድ ጊዜ ስለ ዓሣዎቹ አንድ ነገር ልትል ጀመረች፤ አልጨረሰችውም። ቤተል እንቅልፍ የወሰዳት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ነበር።